ገመድ ያዥ

«ባለቤትሽ ቀድሞሽ ገብቷል፤ ምድር ቤት ነው ያለው» አሏት ወይዘሮ ሙሉአለም።

ሸይማ ከባዱን ቦርሳ ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ወይዘሮ ሙሉአለም የዚህ የአያት ሰፈር አፓርታማ ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ሥራውን በስልክ ያዘዙት እሳቸው ቢሆኑም ሠራተኞቹን በዐይናቸው ሲያዩ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው። ወንዱ «ቢስሚላህ» እያለ ዕቃ ሲያወርድ ሰምተዋል፤ ሴቷ ሻርፕ ጠምጥማ ከኋላው መጥታለች፤ የቀረውን ራሳቸው ሞልተውታል።

«ባሌ አይደለም» አለች ሸይማ።

«ውይ፣ አፉ በይኝ የኔ ልጅ። ወንድምሽ ነዋ።»

«ወንድሜም አይደለም።»

ሴትዮዋ ፈገግታቸውን ሳይሰበስቡ ጠበቁ። ሸይማ እውነቱን ልናገር ብትል አጭር አልነበረም። የእህቴ ባል ነበር፤ አሁን አይደለም፤ እኛ ቤት ስሙ አይነሳም፤ እኔ ግን ነፍሴን በእጁ አስይዤ ሥራ እሠራለሁ። ይሄ ለማያውቁት ሰው በር ላይ የሚነገር ነገር አይደለም።

«ገመድ ያዥ ነው» አለችና ደረጃውን ቁልቁል ወረደች።

ሥራቸው እንዲህ ነው። በዚህ ከተማ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ አቅም ያለው ሕንፃ ሁሉ ከመኪና ማቆሚያው ሥር የሲሚንቶ ገንዳ አለው። የመንግሥት ውኃ ሲመጣ ገንዳው ይሞላል፤ ፓምፑ ከገንዳው እየሳበ ጣራ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይገፋዋል፤ ነዋሪው ከዚያ ይጠቀማል። ገንዳው ሲከርም ደለል ይይዛል፣ ይሸታል፣ መጽዳት አለበት። ለማጽዳት ውኃውን መድፋት ያስፈልጋል፤ ውኃዬ ይደፋ የሚል ነዋሪ ግን አያትም ላይ ቦሌም ላይ ገና አልተወለደም። ሸይማና ሐሩን የሚፈለጉት ያኔ ነው። አንዳቸው አየር የተሞላ ሲሊንደር አዝለው ውኃው ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ደለሉን በወፍራም ቱቦ እየሳቡ ወደ ውጭ ይሰዳሉ። ሌላው የገንዳው አፍ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይይዛል።

ገመዱ ጠላቂው ደረት ላይ ይታሰራል። ከላይ አንድ ጊዜ ሲሳብ «ደህና ነሽ ወይ?» ነው፤ ከታች አንድ ጊዜ ሲመለስ «ደህና ነኝ»። ሁለት ጊዜ ከሆነ «አላላልኝ»፣ ተደጋግሞ ከተሳበ ደግሞ «አውጣኝ» ነው። ደለሉ አንዴ ከተነካ ታች ያለው ሰው የገዛ እጁን አያይም፤ ባትሪውም ከአፍንጫው አልፎ አያበራለትም። ከሰው ጋር የሚያገናኘው ያ ገመድ ብቻ ነው።

ሐሩን ክዳኑን ከፍቶ ከጥበቃው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። እንደ ልማዱ የፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከትቶታል። ጥበቃው እኔ እዚህ ቆሜ ማን ይነካዋል፣ ሰው አታምንም እንዴ ቢለው፣ «አላምንም» አለና ጀርባውን ሰጠው። እንዲህ ነው እሱ። ሽማግሌ አይል፣ አለቃ አይል፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሙያውን የተማረው ጅቡቲ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ሲፍቅ ነው። ከቤታቸው ሥር ቧንቧና ሮቶ የሚሸጡት የሸይማ አባት አቶ አብዱልገኒ፣ ይሉኝታውን እዚያው ባሕር ውስጥ ጥሎት ነው የመጣው ይላሉ።

ሸይማን ዋናም ጠለቃም ያስተማራት እሱ ነው። ያኔ የታላቅ እህቷ የፈሂማ ባል ነበር፤ እሷ ደግሞ በውኃ ምሕንድስና ተመርቃ ቤት የተቀመጠች ልጅ። ለሥራ ፈተና ሰው ፊት ስትቀርብ ላብ ያጠምቃታል፣ የምታውቀው ሁሉ ከአፏ ይጠፋል። ውኃ ውስጥ ስትገባ ምን እንዳገኘች ለማንም ተናግራ አታውቅም። ታች የሚጠይቃት የለም፤ እንድትመልስ የሚጠብቃት የለም። የትንፋሿ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልፈለገችም።

ባለፈው ክረምት የሐሩን ሌላ ቤት ታወቀ። ሥራ ላይ ነኝ እያለ ከርሞ ድሬዳዋ ላይ ሚስትና ልጅ ነበሩት። ሲጠየቅ አልካደም፣ አላፈረም። «ሃይማኖቱ የፈቀደውን እናንተ ማን ናችሁና» አለ። አቶ አብዱልገኒ ሃይማኖቱ ፈቀደ እንጂ ደብቅ አላለህም ቢሉት፣ የቀረበለትን ሻይ ጨርሶ ወጣ። ፈሂማ ልጇን ኢክሪማን ይዛ ገርጂ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ከሸይማ ጋር አንድ ክፍል ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸይማ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ስታነሳ እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«አረፈድሽ፣ ኢንጂነር» አላት ሐሩን።

«ይሄ የመጨረሻው ነው።» ቃሉን ከመገናኛ ጀምሮ ባቡር ውስጥ ስትለማመደው ነበር የመጣችው።

«የምኑ?»

«ካንተ ጋር። ከዚህ በኋላ ብቻዬን ነው የምሠራው።»

ሐሩን ገመዱን እየተረተረ ሳቀ። «ብቻውን የሚሮጥ ሁሌ አንደኛ ነው። ብቻውን የሚጠልቅ ግን ስንተኛ እንደወጣ ማን ይነግረዋል?»

«ሰው አላጣም።»

«ማንን? አባትሽን ነው? ቧንቧ የሸጠ ሁሉ ገመድ ይይዛል?» ወደ ደረቷ መጥቶ ቋጠሮውን ፈተሸ፤ እሷ ራሷ ብታስረውም ሁልጊዜ እንደገና ይፈትሸዋል። «ስሚ። እህቴን በደልክ በይኝ። መብትሽ ነው፣ ስድቡን ለምጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር መልሽልኝ። ገመድ ለቅቄብሽ አውቃለሁ?»

ሸይማ መተንፈሻውን አፏ ውስጥ ከተተች። ይሄ ከመመለስ አዳናት።

ለቆባት አያውቅም። ያናደዳትም እሱ ነው። ታች ሆና በጭለማው ውስጥ ደለሉን ስትስብ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ ሳይላላም ሳይጎትትም ይቆያል፤ ወደ ፊት ስትሄድ ይለቀቅላታል፣ ስትመለስ ይሰበሰባል። ዐይኑ ያያት ይመስል። ከእህቷ ጋር በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ አድርጎ ቢይዛት ኖሮ ብላ ታስባለች፤ ከዚያ ማሰቧም ያናድዳታል። ይህን ሰው ልትጠላው ትፈልጋለች። ደረቷ ላይ ያለው ገመድ ግን ጥላቻዋን አይሰማም፤ በየተወሰነ ጊዜ አንድ ጊዜ ይሳባል፣ ደህና ነሽ ወይ እያለ።

ሥራው ሲያልቅ ዕቃቸውን ለዩ። ሲሊንደርና መተንፈሻ የየራሳቸው ነበር። ደህና ሁኚም ደህና ሁንም አልተባባሉም።

ከዚያ ብቻዋን ሠራች። ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ የሱቆች ሕንፃ ትንሽ ገንዳ አገኘችና ገመዱን ምሰሶ ላይ አስራ ገባች። ጥልቀቱ ብትቆምበት ከራሷ ትንሽ የሚያልፍ ነው፤ ውኃው ጠራ ያለ ነበር። የሚጠራት የለም፣ የሚጎትታት የለም። እስከዛሬ የፈለገችው ይሄንኑ ነበር ማለት ነው። ስትወጣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ የሱቆቹ ጥበቃ ምን አገኘሽ ብሎ ጠየቃት። አመሻሽ ላይ ለፈሂማ ነገረቻት፤ ፈሂማም ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ «አየሽ፣ ያለ እሱም ይሆናል» አለቻት።

ይሆናል። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ግን ቦሌ ቡልቡላ ነበር። አዲስ የተሠራ ባለ ብዙ ፎቅ፤ ገንዳው ሰፊ፣ በመካከሉ ግድግዳ ያለው፣ ሁለት ክፍል። ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ውስጠኛው የሚያሳልፈው ከወለሉ አጠገብ ያለ አንድ መሹለኪያ ነው፤ ሰው በደረቱ ተኝቶ ያልፍበታል። የፓምፑ መሳቢያ ያለው ውስጠኛው ክፍል ነው፤ ደለሉም የሚተኛው እዚያ። ሸይማ ገንዳውን አይታ ስትመለስ ምሰሶ ብቻውን እዚህ እንደማይበቃ አውቃለች። ምሰሶ አይጎትትም።

ሥራውን ልትተወው ነበር። ፈሂማ ናት አይሆንም ያለችው። እኔ ምን ሆኛለሁ፣ ገመድ መያዝ ከልጅ ማሳደግ ይከብዳል ወይ አለች። እኔ ካልያዝኩሽ ማን ይይዝሻል፤ ያ ሰው የያዘውን እኔ መያዝ ያቅተኛል? አባታቸው ሰምተው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። ግቢ ውስጥ ተለማመዱ። ሸይማ ከቤቱ ጀርባ ሆና ትስባለች፤ ፈሂማ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትመልሳለች። ቶሎ ገባት። አንድ፣ ሁለት፣ ድግግም። ሸይማ ሌላውንም ነገረቻት፤ ከገንዳው አፍ አለመነሳት፣ ከተቀመጠችበት ሆና የፓምፑን ማብሪያ ማየት፣ ማንም ቢመጣ አይነካም ማለት። ፈሂማ በእጇ አፏን እየሸፈነች ሳቀች፤ «አብሽሪ፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ» አለች።

የቡልቡላው ጥበቃ አባባ ወልደጻድቅ የሚባሉ፣ ካፖርታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሸይማ ስለ ፓምፑ ስትጠይቃቸው ማብሪያውን በእጃቸው አጠፉላት፤ ሥራሽን እስክትጨርሺ አልነካውም፣ በፈጠረኝ ብለው ማሉላት። ፊውዙን የያዘው ሣጥን ከትከሻቸው በላይ ነበር። ሸይማ እጇን ዘርግታ መንቀል ነበረባት። አወቀችው። ግን ሽማግሌው ገና ምለው እንኳ አልጨረሱም፤ ፊታቸው ቆሞ ፊውዝ መንቀል መሐላዎ ውሸት ነው እንደማለት ሆነባት። ሐሩን ቢሆን እየማሉ ነቅሎት ነበር። እሷ አፈረች። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለችና ወደ ገንዳው ሄደች።

ፈሂማ አፉ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ከመጨበጧ ብዛት ጣቶቿ ነጥተዋል።

መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ አልሰጠቻትም። በየደቂቃው ትስባለች፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ። ሸይማ እየመለሰች በመሹለኪያው ተሳበች፣ ውስጠኛው ክፍል ገባች፣ ቱቦውን ደለሉ ላይ አስቀመጠች። ውኃው ወዲያው ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ የገመዱ ጥሪ ቆመ። ሸይማ ተገላገልኩ አለች በልቧ። እህቷ ልቧ ተረጋጋ፣ ለመደችው ማለት ነው። በደስታ ሠራች። ጥሪው የቆመበትን ምክንያት ለመጠየቅ ጥቂት ቆይታ አንድ ጊዜ ሳበች። ገመዱ ያለ ምንም ክብደት ተከትሏት መጣ። አላልታልኛለች ብላ አሰበች።

ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ውኃ ሲወድቅ ሰማች። በቧንቧው ከላይ የሚዘረገፍ፣ ከባድ ውኃ። የቡልቡላ ፈረቃ ነገ ነበር። ዛሬ መጥቷል። ውኃ ያለ ቀኑ ሲመጣ ሕንፃው ውስጥ ምን እንደሚሆን ሳታየው አወቀችው፤ እሷም በዚሁ ከተማ ነው ያደገችው። ከየፎቁ «ውኃ መጣ!» ይባላል፤ ጀሪካን ይንኳኳል፤ እስኪቋረጥ ድረስ የቻለውን ያህል ጣራ ላይ ለማድረስ ሁሉም ፓምፕ፣ ፓምፕ ይላል። ያን ጊዜ መሐላውን የሚያስታውስ የለም።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ በውኃው ውስጥ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በጥርሷ ነው የሰማችው። ውኃው በእግሮቿ መካከል መሄድ ጀመረ። የላላውም ገመድ አብሮት ሄደ፤ መሳቢያው ያዘው፣ ዋጠው፣ ደረቷን ወደ ታች ይጎትታት ጀመር።

ደጋግማ ሳበች። አውጪኝ። ገመዱ በወዲያኛው ጫፉ አንድ ቀላል ነገር ይዞ ከመሹለኪያው ወዲያ ቀረ። እንደገና ሳበች። ፈሂማ አልመለሰችም።

ሸይማ በኋላ ስታስበው ያን ጊዜ አልፈራሁም ለማለት ትወድ ነበር፤ ፈርታለች። መተንፈሻውን ነክሳ ጮኻለች። ግን እጇ ባቷ ላይ ያለውን ቢላዋ አገኘ፤ ገመዱን ደረቷ ላይ ቆረጠችው። ከመሳቢያው ተላቀቀች፤ መንገድ የሚያሳያትም ነገር አብሮ ሄደ። ጥቁር ውኃ ውስጥ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ አታውቅም። ግራ እጇ ሲሚንቶ ነካ። ያንኑ ሳትለቅ ሄደች፤ ማዕዘን አገኘች፣ ዞረች፣ እንደገና ሄደች፣ እጇ ባዶ ውስጥ ገባ። መሹለኪያው። በደረቷ ተኛች። ሲሊንደሩ ከላይ ፋቃት፣ ያዛት፣ ተንፏቀቀች፣ አለፈች።

ብቅ ስትል ራሷ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። የፕላስቲክ ወንበሩ ነበር። ገንዳው ውስጥ ተገልብጦ ይንሳፈፋል፤ የገመዱ ጫፍ እግሩ ላይ በሁለት ቋጠሮ ታስሯል። አፉ ላይ ማንም አልነበረም።

መሰላሉን ወጥታ ሲሊንደሩን መሬት ላይ ጣለችና እየተንጠባጠበች ወደ ግቢው ወጣች። ግቢው በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ ነበር። አባባ ወልደጻድቅ በጀሪካኖቹ መካከል ቆመው ሞተሩ ለምን እንደሚያጓራና ውኃ እንደማይገፋ ለነዋሪዎቹ ሊያስረዱ ይሞክራሉ። ሲያይዋት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ውይ ልጄን» አሉ ቀስ ብለው። «ውኃ መጣ ሲሉኝ ረሳሁሽ።»

ፈሂማ በሩ አጠገብ ነበረች። ምድር ቤት ኔትወርክ ይቆራረጣል። ጀርባዋን ሰጥታ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትናገራለች፤ ጮክ ብላ አይደለም፣ ለረጅም ጊዜ ያዘጋጀችውን ነገር አንድም ሳታስቀር ለመናገር እንደምትፈልግ ሰው ነው። ኢክሪማ ስምህን ሲጠራ ምን እንድለው ነው የምትፈልገው ስትል ሸይማ ሰማች። ከዚያ ዞር አለች። እህቷን አየቻት፤ እርጥቡን ልብስ፣ የተቆረጠውን ገመድ አየች። ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችውም።

የተነጋገሩት ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ነው።

ፈሂማ አለቀሰች፤ እየማለች አለቀሰች። ከተለያዩ ጀምሮ ስትደውልለት አያነሳላትም ነበር። ዛሬ ራሱ ደወለ። ስሙን ስታይ ምን እንደሆነች አታውቅም። ገመዱን ወንበሩ ላይ አስራ በአንድ አፍታ እመለሳለሁ ብላ ወጣች።

«ላናግረው አይገባኝም?» አለች።

«ይገባሻል።»

«ታዲያ?»

«እኔ ታች ነበርኩ» አለች ሸይማ።

ፈሂማ ፊቷን ጠረገች። ልቅሶው አለቀና ሌላ ነገር መጣባት። «ወጥተሻል እኮ። ማን አወጣሽ? ራስሽ ነሽ። ማንም አላስፈለገሽም። አንድ ጊዜ ጥፋት አጠፋሁ ብዬ ወደዚያ ሰውዬ እንዳትመለሺ።»

ሸይማ እጇን አየች። ግድግዳውን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ለምን ግራ እንደሆነ አታውቅም፤ አስባበት አይደለም። በቀኟ ይዛው ቢሆን በተቃራኒው አቅጣጫ ስትዞር መሹለኪያው ጋ ሳትደርስ ሲሊንደሩ ያልቅ ነበር። ይህን ለእህቷ ልታስረዳት ሞከረች። ፈሂማ አልሰማቻትም፤ ወይም ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች።

«ሥራውን ተዪዋ» አለች በመጨረሻ። «ተማርሽ አይደል? ቢሮ ግቢ፣ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

«አልተውም።»

«እሺ። ግን ከእሱ ጋር ከሆነ፣ እህት አለኝ አትበዪ።»

ሸይማ ለጥቂት ቀናት ሌላ ሰው ፈለገች። ዋና የሚችሉ ነበሩ፤ ጥልቅ ውኃ ያዩ አልነበሩም። አንዱ ሁለት ክፍል ያለውን ገንዳ ሲያይ ሳቀና ሄደ። አንዱ ደግሞ ገመዱን ይዞ እየተለማመዱ ሳለ በሌላ እጁ ስልኩን ይነካካል። ብቻዬን ልግባ ብላ አንድ ገንዳ አፍ ላይ ሲሊንደሯን አዝላ፣ ገመዱን ምሰሶ ላይ አስራ ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ አልገባችም። ውኃውን አልፈራችውም። ታች ሆና አንድ ጊዜ ስትስብ ምንም እንደማይመለስላት አስቀድማ ማወቋ ነው ያቆማት። ታች ብቻዋን ለመሆን ላይ አንድ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ይሄን ለመረዳት የቡልቡላው ገንዳ አስፈለጋት።

ሐሩንን ኢምፔሪያል ድልድይ አጠገብ፣ ዕቃውን ከሚያስቀምጥበት ጋራዥ ፊት አገኘችው። ተጎንብሶ የአየር መሙያውን ሞተር ይፈታል። ቀና ሳይል «ሕያው ነሽ?» አላት።

ሰላም አላለችውም። «ለምን ደወልክላት?»

«ፈሂማ ገመድ ይዛልሽ ቡልቡላ እንደምትገቢ ሰማሁ። ሁለት ክፍል ያለውን ገንዳ። እኔም ሠርቼዋለሁ። ምንም ቢመጣ ከአፉ እንዳትነሺ ልላት ነበር።» መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ። «አፌን ሳልከፍት ጀመረችኝ። ታዲያ እንዴት ልዝጋባት? ዘግቼባት ቢሆን ደግሞ እሱንም ትነግሪኝ ነበር።»

ሸይማ አየችው። እውነቱን ይሁን ውሸቱን ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም፤ እህቷም ዓመታት ሙሉ አልቻለችም። ይህ ሰው እራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስለ ሥራ ሲዋሽ እሷም እዚያው ተቀምጣ ሰምታዋለች፤ አምናዋለች። ገመድ ይዞ ግን አልዋሻትም። ሁለቱ እንዴት በአንድ ሰው ውስጥ እንደሚያድሩ ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር፤ መልስ የሚኖረው አልመሰላትም።

«ይቅር አላልኩህም» አለች።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ስለ እህቴ አታወራኝም። ስለ ኢክሪማም አትጠይቀኝም፤ መልእክት አልወስድም፣ አላመጣም።»

«አንቺም ስለ እኔ ቤት አታወሪኝም» አለ ሐሩን። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ በጥፊ የሚያስመታ ነበር። «ብቻዬን ነው የምሠራው አላልሽም ነበር፣ ኢንጂነር? ስንት ቀን ሆነሽ?»

ሸይማ መልስ ነበራት። ስድብ ነበራት፣ በደንብ የተዘጋጀ፣ ፈሂማ ብትሰማው የምትኮራበት። አላወጣችውም። አያት ላይ ቅዳሜ ሥራ መኖሩን፣ በጠዋት መድረስ እንዳለበት ነገረችው። እሱም ባቡሩ እንዳያዘገያት ቀድማ እንድትነሳ ነገራት።

ቅዳሜ ሸይማ አያት ጠለቀች፤ ገመዱን ሐሩን ያዘ። ከሥራው ውጪ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ከሰዓት ገርጂ ስትመለስ ፈሂማ የሸይማን ልብስና መጽሐፎች ከጋራ ክፍላቸው አውጥታ ኮሪደሩ ላይ ደርድራ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነበር። ኢክሪማ ከበሩ ወዲያ አክስቱን ሲጠራ ተሰማ፤ ፈሂማ ዝም አሰኘችው። አቶ አብዱልገኒ ለማንም ሳይፈርዱ የሱቃቸውን ጓዳ ቁልፍ ለሸይማ ሰጧት። ሸይማ ዕቃዋን ተሸክማ ወረደች፣ በቧንቧዎቹና በሮቶዎቹ መካከል ፍራሽ ዘረጋች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም እዚያ ታድራለች።